የሀሊማ ጥያቄ

ማክሰኞ

ገባሁ! የክፍላችን ተወካይ ቶፊቅ፣ ከሁለት ሳምንት ልመና በኋላ ቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ አስገባኝ። ጎባ ጤና ኮሌጅ የገባሁት ዘግይቼ ስለሆነ ያመለጠኝ ብዙ ነው፤ ኖቱም፣ የድሮ ፈተናውም እዚያ ነው። ከላይ የተለጠፈውን ሕግ ሁለቴ አነበብኩት። ስድብ የለም። ፎርዋርድ የለም። ሴት ልጅን ሳያስፈቅዱ ኢንቦክስ መጻፍ የለም። ቀላል ነው አልኩ።

ረቡዕ

ቀላል አይደለም።

ከሰዓት ሀሊማ በድምፅ ጥያቄ ላከች። ከገጠር፣ ከሲናና የመጣች ልጅ ናት፣ ኋላ የምትቀመጠው ዝምተኛዋ። ግራው ሳንባ ለምን ሁለት ክፍል ሆነ፣ ቀኙ ሦስት አይደለም ወይ፣ ነው ያለችው። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ስለሆነ ግን አማርኛዋ ይሰባበራል። የክፍላችን ልጅ ከድር ድምፁን ቆራርጦ ሙዚቃ አስገባበትና መልሶ ለጠፈው። ግሩፑ በሳቅ ሞላ። እኔም የሚስቅ ፊት ምልክት ጫንኩ። አዲስ ነኛ፤ እነሱን ልምሰል ብዬ።

ትንሽ ቆይቶ ሀሊማ ከግሩፑ ወጣች።

ሐሙስ

ክፍል አልመጣችም። የጫንኩትን ፊት አነሳሁት። ማንም ልብ አላለም፤ እኔንም አልቀለለኝም።

ወደ ቤት፣ ሮቤ ስመለስ አባቴ ሱቅ ውስጥ ለአንድ ሽማግሌ ሚስማር ይሸጣል። ከስልጤ መጥቶ እዚህ ሲኖር ስንት ዘመኑ፣ ኦሮምኛው ግን ዛሬም ስልጥኛ ስልጥኛ ይላል። ሽማግሌው አንድ ቃል አልገባቸውም፤ ደግመው ጠየቁት፣ ደግሞ ነገራቸው። አለቀ። ማንም አልሳቀም። አፈርኩ።

ለቶፊቅ ጻፍኩለት፦ ያንን ድምፅ አጥፋው። “ቀልድ እኮ ነው ሰሚራ” አለኝ። “ሕጉን የጻፍከው አንተ ነህ” አልኩት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ጠፍቶ አገኘሁት።

ቅዳሜ

ትናንትም ስላልመጣች ሲናና፣ እቤቷ ሄድኩ። እናቷ “ኮቱ፣ ግቢ ልጄ” ብለው በደስታ ተቀበሉኝ። ምን ዓይነት ጓደኛ እንደሆንኩ ቢያውቁ!

ሀሊማ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። በመንገድ ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ።

“ከሳቁብሽ አንዷ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።”

“አይቻለሁ” አለች፣ ማጠቧን ሳታቆም። “ለምን ሳቅሽ?”

“ሌሎቹ ስለሳቁ።”

ልብሱን ጨምቃ ገመድ ላይ አሰጣችው። ከዚያ፣ “ጥያቄዬን ግን ማንም አልመለሰም” አለችኝ።

እኔም መልሱን እንደማላውቅ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እሁድ

ግሩፑ ላይ በድምፅ ይቅርታ ጠየቅኩ። ሦስቴ ቀድቼ ሦስቴ አጠፋሁ፤ አራተኛውን ላክሁት። “ሀሊማ የጠየቀችውን እኔም አላውቀውም፤ የሚያውቅ ይመልስልን” አልኩ። አንዱ “ሰባኪ መጣችልን” አለ። መልስ ጽፌለት ሳልልከው አጠፋሁት። ይህቺ ራሷ ድል ናት።

ቶፊቅ ከድርን ከግሩፑ ሊያባርረው ተነሳ። ለሀሊማ ደውዬ ነገርኳት።

“አታባርሩት” አለች። “ጎበዝ ልጅ ነው። ይመልስልኝ።”

ሰኞ

ተመልሳ ገባች! ከድር በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቃት፤ ቀጥሎ በእጁ ሥዕል ሥሎ አስረዳ፦ ልብ ወደ ግራ ስለምታደላ ቦታውን ትሻማለች፣ ግራው ሳንባ ያነሰው፣ ሁለት ክፍል የሆነውም ለዚህ ነው። ሀሊማ “ገለቶሚ” ብላ አመሰገነችው፤ ወዲያው ሌላ ጥያቄ ላከች። በድምፅ! አምስት ሰው ተሽቀዳድሞ መለሰላት።

ለእኔ ምንም አልጻፈችም። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ መብቷ ነው። ነገ ክፍል አጠገቧ ልቀመጥ ወይስ ትንሽ ልተዋት? እጠይቃታለሁ። እምቢ ካለችኝ ከነገ ወዲያ ደግሞ እጠይቃታለሁ።