ከረጢት ያጠለቀው ጠርሙስህ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት ነህልኝ? ጉልበትህ ብርዱን እንዴት ቻለው? ያቺ ሌባ ድመትስ አሁንም አልጋህ ላይ ነው የምትተኛው? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። ሳሉም ለቆኛል፤ ሹራብ ደርቤ ነው የምወጣው፣ ስለዚህ በእሱ አትጨቅጭቀኝ።

ደውለህ «ውጤቱስ?» ስትለኝ «መስመሩ ይቆራረጣል» ብዬ የዘጋሁት ውሸቴን ነው። በድምፄ ታውቅብኛለህ ብዬ ፈርቼ ነው። ሜዳሊያ ካገኘህ ነጋዴው ወይን ጠጅህን በሙሉ ሊወስድልህ እንደተስማማ፣ ካላገኘህ ደግሞ ተክሉን ነቅለህ መሬቱን ልትሸጥ እንደወሰንክ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይወራም።

አንተ ደግሞ ብለህ ብለህ እኔ በምዳኝበት ውድድር ጠርሙስህን ትልካለህ? ስሰማ ሰብሳቢያችን ዘንድ ሄጄ የአባቴ ወይን ጠጅ አለበትና ከዳኝነቱ ልውጣ አልኩት። ጠርሙሱ ሁሉ ከረጢት አጥልቆ ነው የሚቀርበው፣ የቱ የማን እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ ብሎ ሳቀብኝ። ይህን ሰውዬ በሌለበት «አፍንጫው» ነው የምንለው። አፍንጫውን ብርጭቆ ውስጥ ይነክርና «እርጥብ ድንጋይ፣ አሮጌ የቆዳ ጫማ» ይላል፤ ሌላው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም አለሁበት። በቀደም «የቤተ መጻሕፍት አቧራ» ስል አድንቀውኛል። ኧረ አቧራ ማን ቀምሶ ያውቃል፣ አባዬ!

በውድድሩ ቀን ግን አንዱን ስቀምስ ቤታችን መጣብኝ። ምድር ቤቱ፣ የበርሜሉ እንጨት፣ የእማዬ ሹራብ ሳይቀር። ይሄማ የአባዬ ነው አልኩ በልቤ። እንባዬ መጣ። እንዳላዳላ ብዬ ነጥቡን ቀነስ አድርጌለት እንኳ ከሁሉም በለጠ። ከእሱ በፊት የቀመስኩትን ደግሞ «ይጎመዝዛል፤ ሰሪው ሳይቀምስ ያሸገው ነው» ብዬ ጽፌበት ነበር።

ከረጢቱ ሲወልቅ ጉድ ፈላ። ያለቀስኩለት ሱፐርማርኬት ታችኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣው የፋብሪካ ወይን ጠጅ ነው። ጎምዛዛው ያንተ ነበር።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አፍንጫው ፊቴን አይቶ የቱ ያንተ እንደሆነ ገባው መሰለኝ፣ ብርጭቆውን መልሶ አነሳና እንደው አሁን ሳጤነው የሆነ ጥልቀት አለው አለ። ሌሎቹም ተቀባበሉት። ቅድም የት ነበር ጥልቀቱ? ከዚያ ነጥቡን ከፍ እናድርገው ይሆን ብለው እኔኑ ጠየቁኝ። በደግነት ነው፣ አልቀየምኳቸውም። እሺ ብል ሜዳሊያው ያንተ ነበር። እኔ ግን አባቴ ምጽዋት አይቀበልም ብዬ እምቢ አልኩ። ካዘንክብኝ እዘንብኝ፤ እኔም ቤቴ እስክደርስ በራሴ ሳዝን ነበር።

ከጠርሙስህ የተረፈውን ይዤ መጥቼ ወጥ ቤት ቆሜ ደግሜ ቀመስኩት። ያው ነው፣ ይጎመዝዛል። ታዲያ ያኔ ቤታችን የምናውቀው ወይን ጠጅ የት ሄደ እያልኩ ሳሰላስል፣ ነፍሷን ይማርና፣ እማዬ ድቅን አለችብኝ። አንተ ከምድር ቤት ብርጭቆ ይዘህ ትወጣና ትሰጣታለህ። እሷ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበሯ ሳትነሳ ቀመስ ታደርግና «ገና ነው» ትልሃለች። እያጉረመረምክ ትመለሳለህ። «በቃ» እስክትልህ ድረስ አንድ ጠርሙስ አታሽግም ነበር። እንግዳ ሁሉ «እጅህ ይባረክ» ሲልህ ሁለታችሁም ዝም ትላላችሁ። እኔ ደግሞ ሞኟ፣ አንተን ልታስደስትህ የምትቀምስ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ስመጣ ድስቱን ያሳረርኩት ትዝ ይልሃል? ጎረቤታችን በአጥር በኩል «ኧረ ምን እያረረ ነው!» ብላ ስትጮህ አንተ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠህ ምንም ሳይሸትህ ጋዜጣህን ታነባለህ። ያን ቀን ስቄብህ ነበር። ዛሬ ግን አልሳቅሁም፣ የኔ አባት። ምንም አልጠይቅህም።

መሬቱን እንዳትሸጥ። ለነጋዴው ደውዬ የሚቀጥለው ምርት እስኪደርስ ይጠብቀን ብዬዋለሁ፤ ቃል ባይገባልኝም እቀምሰዋለሁ ብሏል። ለለቀማው ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ። እስከዚያ በርሜሎቹን እንዳትነካካ፣ አደራህን! ከዚያ በእማዬ ወንበር እቀመጣለሁ፤ አንተ ብርጭቆውን ይዘህ ትመጣለህ። እንደ እሷ ላልችልበት እችላለሁ፤ ለፋብሪካ ወይን ጠጅ ያለቀስኩ ሴት መሆኔን አትርሳ። ግን አልዋሽህም።

እስክመጣ ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልኝ፣ ደጅህን ሰላም ያድርግልኝ። ድመቷንም ሳምልኝ፣ ሌባም ብትሆን።

ውጤቱን ጠይቀኸኝ ነበር። ገና ነው፣ አባዬ።

የምትወድህ ልጅህ