ሠላሳ ዘጠነኛ ደረጃ ላይ ስለቆየችው ፈዋሽ

ሐምሌ 8 ቀን 2003 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ይድረስ ለከተማችን የወጣቶች አልባሌ መዋያ መከላከል ግብረ ኃይል፣
ለክቡር ሰብሳቢው

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ለእርስዎም፣ ለባልደረቦችዎም፣ በንብረት ክፍሉ በር ላይ ለሚቀመጡት ዘበኛም የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ዘበኛውን ለይቼ ያነሣሁት ከጥር እስከ ሰኔ አሥራ አንድ ጊዜ ስመላለስ ወንበራቸውን እየለቀቁልኝ ስለተዋወቅን ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እርስዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በዓይኔ ለማረጋገጥ ግን ዕድሉን አላገኘሁም፤ በአሥራ አንዱም ቀን ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ከዚህ ቀደም ለእርስዎ ብቻ ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ሦስቱም መዝገብ ቤት ገብተው አልወጡም። ይህን አራተኛውን በግልጽ የጻፍኩት፣ ከአንባቢዎቹ አንዱ ስብሰባ ላይ አጠገብዎ ይቀመጥ ይሆናል ብዬ ነው። ጉዳዩ አጭር ነው። በጥር ወር ከቤቴ የተወሰደች የክብሪት ሣጥን የምታህል የቪዲዮ ጨዋታ ማስቀመጫ ሚሞሪ ካርድ በውስጧ ያለው ሳይነካ እንድትመለስልኝ ጠይቄ ነበር። ካርዷ ባለፈው ሳምንት ተመልሳልኛለች። ስለዚህ ይህ የምስጋና ደብዳቤ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከመነሻው ማስረዳት ይገባኛል። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የመንገድ ዳሩን ክፍል እንዳላማው ለሚባል ወጣት አከራይተን፣ እሱም ሦስት ቴሌቪዥን አስቀምጦ ፕሌይስቴሽን ያጫውትበት ነበር። በ2000 ዓ.ም. ሥራውን ዘግቶ ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ አንድ አሮጌ መሣሪያ ከነካርዷና ማንም የማይከራየውን አንድ ሲዲ ለባለቤቴ ለሥራነሽ ሰጣት። ሲዲውን ደንበኞቹ የማይፈልጉት ኳስ ስላልሆነ ነው። ጃፓኖች የሠሩት የጦር ሜዳ ጨዋታ ሲሆን፣ ሜዳው እንደ ዳማ ገበታ በካሬ የተከፋፈለ ነው፤ ተጫዋቹ ሰዎቹን ተራ እየጠበቀ አንድ በአንድ ያንቀሳቅሳል፤ አንዱ ውጊያ አንድ ሰዓት ይፈጃል። እንዳላማው ሲሰጣት፣ እትዬ ይሄን የኳስ ልጅ አይችለውም፣ ጋሼ ግን ፈተና ከሚያርሙ ይሻላቸዋል ብሎ ስቆ ሄደ።

ሥራነሽ በገጠር ጤና ጣቢያዎች ሠላሳ አንድ ዓመት በጤና ረዳትነት ያገለገለች ሴት ናት። በኋላ ልቧ ደክሞ ከአልጋ የማትወርድበት ጊዜ መጣ። ማንበብ ያደክማት ነበር፣ ሬዲዮ ያስተኛት ነበር፣ ተራ መጠበቅ ግን ትችል ነበር። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ወደ መኝታ ክፍል አስገባሁት።

የጨዋታው ሕግ እንደሚከተለው ነው። ሰው ሁሉ ከደረጃ አንድ ይጀምራል። በውጊያ ልምድ ያከማቻል፤ ልምዱ ወደ ደረጃ የሚለወጠው ግን በከተማ ወዳለው የማዕረግ ቤት ገብቶ ሲያስመዘግብ ብቻ ነው። ደረጃው ሲያድግ አዳዲስ ሙያ ይከፈትለታል። መድኃኒት ቀማሚ ሆኖ ያላለፈ ፈዋሽ አይሆንም፤ ዘብ ሆኖ ያላለፈ ፈረሰኛ አይሆንም። በውጊያ የወደቀ ሰው በአምስት ተራ ውስጥ ፈዋሽ ከደረሰለት ይነሣል፤ ካልደረሰለት ስሙ ከዝርዝሩ ይጠፋል፣ አይመለስም። የትኛው ሙያ ከየትኛው በኋላ እንደሚከፈት በባለካሬ ደብተር ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ ሃያ ሙያ፣ ሠላሳ ሦስት መስመር ወጣው።

ለሰዎቹ ስም ያወጣችው ሥራነሽ ናት። ቀስተኛውን በንስሐ አባታችን ስም ገዳሙ አለችው፣ ፈረሰኛውን በጎረቤታችን በልብስ ሰፊው ስም ፍቅረ ሥላሴ አለችው፣ እኔን ደግሞ መምህር ብላ ፊት መስመር ላይ አቆመችኝ። ለፈዋሿ የራሷን የክርስትና ስም ሰጠቻት። ጨዋታው ከስምንት የላቲን ፊደል በላይ ስለማይቀበል ወለተ ሚካኤል ወለቴ፣ ፍቅረ ሥላሴም ፍቅረ ብቻ ሆኑ፤ በደብተሩ ግን የእሱን ስም ሙሉውን፣ የሁሉንም ደረጃ በስማቸው አንጻር እጽፍ ነበር። ወለቴ ሁልጊዜ ከመምህር ሁለት ካሬ ወደ ኋላ ትቆም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ መምህር ብዙ ጊዜ ወድቋል፤ አንድም ጊዜ ከሁለት ተራ በላይ መሬት ላይ አልቆየም።

ፈዋሽ አርባኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ ሰይፈኝነት ይከፈትላታል። በጉልበት ከሆነ ሰይፈኛን የሚያህል የለም፤ ግን አንዴ ከገቡበት መውጫ የለውም፣ ፈውሱም ይረሳል። ሠንጠረዡን ዘርግቼ ጥቅሙን በቁጥር ባሳያት፣ አንተ ሰውዬ፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ጤና ረዳት ሆኜ ስወጣ የታከመው ሰው አነሰ? ተዋት አለችኝ። ተውናት። ምርጫው ጨርሶ ፊቴ እንዳይመጣ ከሠላሳ ዘጠነኛው ደረጃ በኋላ ወለቴ ወደ ማዕረግ ቤት አልገባችም። ልምዷ ሳይመዘገብ ይከማች ነበር።

ካርዷ በእንዳላማው ደንበኞች የኳስ ውጤት የተሞላች ስለሆነች የኛን ጨዋታ የምታስቀምጥበት አንድ ቦታ ብቻ ነበራት፤ አዲሱ ሲቀመጥ የቀድሞው ይጠፋል። ኅዳር 14 ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ውጊያ ጨርሰን አስቀመጥን። ኅዳር 17 ቀን ሥራነሽ ዐረፈች። ከዚያ ወዲህ መሣሪያውን አልከፈትኩም። ለመክፈትም አላሰብኩም። በተወችው ቦታ መኖሩ ይበቃኝ ነበር።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1ኛ. ጥር 20 ቀን አምስት የግብረ ኃይሉ አባላት የጨዋታ ቤቴን ሊዘጉ በመምጣታቸው አመሰግናለሁ። ቤቱ ከተዘጋ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ በክፍሉ ወለተ ሰንበት የተባለች ሌላ ተከራይ ጥጥና ክር ትሸጥበታለች፤ በዝርዝራችሁ ላይ ግን አሁንም ክፍት ነበር፤ ያለፈውን ያልረሳ መሥሪያ ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም። አባላቱ ከጥጥ ሌላ ባለማግኘታቸው ባዶ እጃቸውን ላለመመለስ ወደ መኝታ ክፍል ዘልቀው መሣሪያውን፣ ካርዷንና ደብተሩን ወሰዱ። የሐዘን ቤት ነው ስላቸው መሪያቸው ጫማቸውን አውልቀው ነው የገቡት። ይህ አልተረሳኝም።

2ኛ. ደብተሩ ላይ በየስሙ አንጻር ቁጥር ተጽፎ ስላገኛችሁ የቁማርተኞች መዝገብ ነው በማለት ላሳያችሁት ጥንቃቄ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ልብስ ሰፊው ፍቅረ ሥላሴ ስለ ሃያ ሰባት ቁጥር ማብራሪያ እንዲሰጥ ግማሽ ቀን የስፌት መኪናውን አቁሞ ቀርቧል። ቄስ ገዳሙም ከቅዳሴ መልስ ተጠርተው በስማቸው አንጻር የተጻፈው ሠላሳ አንድ ምን እንደሆነ ተጠይቀዋል። እሳቸውም ሠላሳ አንድ ምን እንደሆነ እናንተ ንገሩኝ እንጂ ብለው መልሰዋል አሉ። ከዚያ ሠንጠረዡን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ደብረ ኤልያስና ደብረ ወርቅ በየጉባኤው የቆዩ ሰው ስለሆኑ ለመረዳት አልተቸገሩም፤ ይህማ የኛው ነው፣ ንባብ ያልዘለቀ ዜማ አይገባም፣ ሁሉም በየወንበሩ ነው፣ መምህሩ በደንብ አድርገው ሥለውታል ብለው ለኮሚቴው አስረድተዋል። ቃላቸው በቃለ ጉባኤ መያዙን ሰምቻለሁ። ደብተሩ ግን እስከ ዛሬ በማስረጃነት እናንተ ዘንድ ነው።

3ኛ. የንብረት ክፍሉ የባለቤትነት ማረጋገጫ ደረሰኝ ጠይቆኛል። ስጦታ መሆኑን ስገልጽ የሰጪው ፊርማ ያለበት ደብዳቤ፣ እሱን ከባሕር ዳር ሳስመጣ የቀበሌ ድጋፍ፣ ድጋፉን ሳመጣ ማኅተሙ ስለደበዘዘ ሌላ ድጋፍ ተጠይቄያለሁ። ይህን ለቅሬታ አላነሣሁትም። የጎደለው ነገር ሳይሟላ ወደሚቀጥለው አለመዝለልን ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር የኖርኩት ነው። በየማመልከቻዬ ግን ካርዷ ሳትነካ የሚል ቃል ጽፌ አስምሬበታለሁ፤ በሦስቱም።

4ኛ. የመጨረሻው ከሁሉም የሚበልጠው ውለታችሁ ነው። በንብረት ክፍሉ አሠራር ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሠራ መሆኑ በባለሙያ ተፈትሾ ካልተፈረመ ከግምጃ ቤት አይወጣም። ለፍተሻው የተመደቡት የቴክኖሎጂ ባለሙያው አቶ ሰውነት ናቸው። መሣሪያው የሚሠራ መሆኑን ለማወቅ መብራቱን አይቶ ማጥፋት ይበቃል ብዬ በየዋህነት አምን ነበር። አቶ ሰውነት ግን በግማሽ ሥራ የሚረኩ ሰው አይደሉም። ጨዋታው የተጫወቱበትን ሰዓት በራሱ ይቆጥራል፤ ኅዳር 14 ቀን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትተነው ነበር፤ ሲመለስልኝ የርክክብ ቅጹ ሁለት መቶ ሃምሳ ሦስት ይላል። አርባ አንድ ሰዓት፣ ያውም በመንግሥት የሥራ ሰዓት፣ ለአንድ ጡረተኛ ዕቃ። በማስተማር ዘመኔ ለአንድ ተማሪ ይህን ያህል ጊዜ ሰጥቼ አላውቅም።

ከዕቃው ጋር የደረሰኝን ደብዳቤ ቃል በቃል ልገልብጠው፦ “በፍተሻው ወቅት ጥቅም ላይ ሳይውል የተከማቸ ልምድ በመገኘቱ ብክነቱን ለማስቀረት ወደ ደረጃ ተለውጧል። በመሆኑም ወለቴ የተባለችው ከደረጃ 39 ወደ ደረጃ 52 አድጋለች፤ ሙያዋም ከፈዋሽነት ወደ ሰይፈኝነት ተሻሽሏል። ለተገልጋይ እርካታ እንተጋለን።” ከሥር አርማ፣ ቁጥርና ሁለት ፊርማ አለበት። ማኅተሙ አልደበዘዘም።

አቶ ሰውነትን አልወቅሳቸውም። ዕቃውን ሲያስረክቡኝ ፊታቸው በርቶ ነበር። ጋሼ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ረስተዋት ነበር እኮ! እኔ ባልደርስላት እንደዚያው ትቀር ነበር አሉኝ። አልረሳናትም ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘበኛው ወንበር አቀረቡልኝና ተቀመጥኩ። ተነሥቼ ስሄድ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እንዳልኩ አስታውሳለሁ። ሌላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ከዚያ ቀን ወዲህ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ በጠዋት ተነሥቼ በሩን እከፍታለሁ።

ከደብዳቤው ጋር የእርካታ መጠይቅ ተያይዞ ነበር፤ አገልግሎታችንን ከአንድ እስከ አምስት ይመዝኑ ይላል። ተማሪ የተሰጠውን ጥያቄ ትቶ ያልተሰጠውን በትክክል ሲሠራ ስንት እንደሚሰጠው ብዙ አስቤበት አላውቅም፤ ዜሮ ነው የምሰጠው። በቅጻችሁ ላይ ዜሮ ስለሌለ ባዶውን መልሼዋለሁ።

ስለ ደብተሩ አንድ ልመና አለኝ። ለእኔ እንዲመለስ አልጠይቅም፤ ሠንጠረዡን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ አሁን የሚያገለግለኝም ነገር የለም። ለአቶ ሰውነት ይሰጥልኝ። ገጽ 14ን እንዲመለከቱ ይነገርልኝ። እዚያ ከቁጥሮቹ በታች በቀይ እስክሪብቶ፣ ከእኔ ጽሕፈት በሚለይ ወደ ቀኝ ባዘነበለ እጅ፣ “ወለቴ 39 ላይ ትቆያለች። እንዳትነካብኝ።” ተብሎ ተጽፏል። የጻፈችው ሥራነሽ ናት፤ የጻፈችውም ለእኔ ነበር፤ አላመነችኝም። ይህ ገጽ ከአምስት ወር በላይ በማስረጃነት ተይዞ ከካርዷ ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ነበር። ማስረጃ እንደምትይዙ አይቻለሁ። እንደምታነቡት አላየሁም።

ግብረ ኃይሉ ያልተጠየቀውን ለመሥራት የሚያስችል ጊዜ እንዳይተርፈው፣ ስብሰባዎ እንዲረዝም፣ የዘበኛውም ጉልበት እንዲሻለው እየተመኘሁ፣ ለተደረገልኝ ሁሉ በቁጥር ሊተመን የማይችል ምስጋናዬን፣ ቁጥር ለሚወዱት ግን ከ39 ወደ 52 ከፍ አድርጌ፣ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

አካለ ወልድ ቢያዝን
የቀድሞ የሒሳብ መምህር

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ከማሸጌ በፊት፣ የጻፍኩትን ሳላረጋግጥ መላክ ስለማልወድ፣ ካርዷን ከፍቼ ዝርዝሩን አየሁ። ወለቴ ሰይፍ ይዛ ፊት መስመር ላይ ቆማለች። ገዳሙ አለ። ፍቅረ ሥላሴ አለ። አቶ ሰውነት ያለ ፈዋሽ አርባ አንድ ሰዓት ተዋግተው ያጡት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ይህም የሚያስመሰግን ውጤት ነው። ወድቆ አምስት ተራ ጠብቋል፤ ከኋላው የነበረችው መፈወስ ረስታለች። የጎደለው ስም መምህር ነው። ስለሆነም ለዚህ ደብዳቤ መልስ ለመጻፍ እንዳይቸገሩ፤ ተቀባዩ ከዝርዝር ወጥቷል።