«ልክ ነዎት»

ጥቅምት 6
የናሙና መኪናው አርፍዶ መጣ። አሥራ አራት ጠርሙስ። ሁለቱ ላይ ከየትኛው ጉድጓድ እንደተቀዱ አልተጻፈም። መለስኳቸው። ሾፌሩ አጉረመረመ። ያጉረምርም። ሰው የሚጠጣው ውሃ ነው።

ከሰዓት ስብሰባ። ጠብታ ሪፖርቷ ላይ የክሎሪኑን ልክ 0.4 በማለት ፈንታ 4.0 ብላለች። (ጠብታ ያልኳት እኔ ነኝ፤ የመመርመሪያውን ፈሳሽ ጠብታ በጠብታ ስትቆጥር ትንፋሿን ስለምትይዝ።) ሁሉም ባሉበት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ውሃ መርምራ ነጥብ የት እንደምትገባ ካላወቀች መቼ ልታውቅ ነው አልኩ። «አንተ ሰውዬ፣ በቃህ» እስክትለኝ ጠበቅሁ። ሁሌ እንደዚያ ነው የምትለኝ።

«ልክ ነዎት። አስተካክላለሁ።»

ነዎት?

ጥቅምት 7
«እንደምን አደሩ።» ቀና ብላም አላየችኝ። እኔም «እንደምን አደሩ» አልኳት። ትቅመሰው። በሃምሳ አራት ዓመቴ የልጅ ጨዋታ...

ጥቅምት 11
ዛሬም እርስዎ።

የዕቃ ክፍሉን ኃላፊ፣ ሴትዮዋ ምን ሆናለች ብዬ ጠየቅሁት። እናቷ ታመው ሁለት ወር አልፏቸዋል አለ። አእምሯቸው እየሳተ ነው። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሄዶ ጠይቋል። ታዲያ እኔ ምን ነኝ? ለምን አልተነገረኝም?

«ለእርስዎ ማን ይነግራል? እርስዎ እኮ ሰው ሲያወራዎት የሚሰሙት ስህተቱን ነው።»

በሩን ዘግቼበት ወጣሁ። ደግሞ «ይነግርዎታል» ነው የሚባለው።

ጥቅምት 12
እኅቴ ደወለች። «አንተ፣ በልተሃል?» ብላ ነው የምትጀምረው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቆጠርኩ። አንተ የሚለኝ ማን ቀረ? እናትና አባቴ የሉም። ሚስቴ የነበረችው የምታናግረኝ በጠበቃ ነው። ጠብታ ነበረች። አሁን እኅቴ ብቻ።

ለአንዲት ነጥብ። ነጥቧ ግን ስህተት ነበረች። ስህተት ነበረች እኮ...

ጥቅምት 18
የዝውውር ማመልከቻዋ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ወደ ቅርንጫፉ ላቦራቶሪ ልሂድ ትላለች። የኔ ፊርማ ያስፈልገዋል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት የፊደል ግድፈት አገኘሁበት። በቀይ አክብቤ መለስኩላት።

ለምን? እንጃ። እስክርቢቶው ለመፈረም እምቢ አለኝ...

ጥቅምት 19
ሳታንኳኳ ገባች። ወረቀቱን ፊቴ ወረወረችው። ያለችውን ሳልረሳ ልጻፈው።

«አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ? ያን ዕለት ጠዋት እናቴን ፊቷን ሳጥባት፣ እርስዎ የማን ልጅ ነዎት አለችኝ። የወለደችኝ። እንደዚያ ሆኜ መጥቼ ነው ነጥቧን የሳትኩት። አንተ ደግሞ ሰው ፊት አላገጥክብኝ። እርስዎ መባል ሰውን ምን እንደሚያደርግ እንድታውቀው ፈለግሁ። አወቅኸው?»

አወቅሁ አልኳት።

ቅርንጫፉ ከእናቷ ቤት አጠገብ ነው። ምሳ ሰዓት እየሄደች ልታበላቸው ነው ለካ። «ካንተ የምሸሽ መስሎህ ነው?» አለች። መስሎኝ ነበር። አልነገርኳትም። ከነስህተቱ ፈረምኩ። ንዴት ያዘኝ። በማን ላይ? በዕቃ ክፍሉ ኃላፊ፣ አፋቸውን በዘጉት ሁሉ... በኔ ላይ። ጠርሙስ ውስጥ የማትታይ ነገር ለይቼ አወጣለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ያበጠ ዓይን ፊቴ ተቀምጦ አላየሁም።

ኅዳር 3
ወንበሯ ባዶ ነው። በቦታዋ የተተካው ልጅ «ጌታዬ» ይለኛል። ያናድደኛል።

ከሥራ በኋላ እናቷን ልጠይቅ ሄድኩ። ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ብርቱካን ይዤ ቆምኩ። የአልጋው አንድ እግር ይነቃነቃል። ማን ደደብ ነው እንዲህ የገጠመው ልል አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ካርቶን አጥፌ፣ ተንበርክኬ ከሥሩ ወተፍኩ።

አሮጊቷ ከላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩ።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

ጠብታ ከጓዳ ሆና መለሰችላቸው። «እሱ ነው እማዬ። ያ የሚጮኸው።»

ጎንበስ ብለው ፊቴን መረመሩት።

«ታዲያ አንተ፣ ዛሬ ምን ነክቶህ ዝም አልክ?»