በለቅሶህ መሀል የተነሳችው መኪና

የኔ ሙሌ፣

ከተለየኸኝ ይኸው ክረምቱ አልፎ መስቀል ደረሰ። እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር አሰብኩና፣ ሰውየው ከየት ሆኖ ይመልስልኛል ብዬ ተውኩት።

ቤታችን ደህና ነው። ሳሎኑን ቀለም አስቀባሁት፤ አንተ የማትወደውን አረንጓዴ ነው፣ እንግዲህ ቻለው። መንጃ ፈቃድም አወጣሁ። ብትስቅብኝ አይገርመኝም።

የለቅሶህን ጉድ ግን ማንም አልነገረህምና እኔ ልንገርህ።

ታስታውሳለህ አይደል፣ ያቺ ብርቱካናማ መብራት የመኪናችን ዳሽቦርድ ላይ በርታ እንቅልፍ ነስታህ ነበር። ስንት ቅዳሜ የኋላ ወንበሯን ነቅለህ የሃይብሪድ ባትሪዋን መገናኛዎች በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍግ ዋልክ። ያን ዕለት ከሰዓት ዱብ ብለህ ገባህና፣ ነይ ውጪ፣ የማሳይሽ ነገር አለ አልከኝ። መጣሁ ብዬ ሻሽ ላስር ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ሶፋው ላይ እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ ተቀምጠሃል፤ አንተ ግን የለህም። ምን ልታሳየኝ ነበር? ያን ሁሉ ለቅሶ ያለቀስኩት በዚህ ጥያቄ ነው።

ድንኳን ሲተከል ሰው እንዳይደገፋት ብለው መኪናዋን በሸራ ሸፈኗት። ቁልፏ የት እንደገባ ማን ልብ ብሎ! በቀብርህ ማግስት እናትህ ደረታቸውን እየደቁ ስምህን ሲጠሩ፣ ከሸራው ስር ሞተሯ ተነሳ። ሰው የለባትም። ለቀስተኛው ብድግ አለ። ትንሽ ቆይታ ራሷ ጠፋች። ጎረቤታችን ማርታ በሲዳምኛ መጸለይ ጀመረች፤ እናትህ ልጄ መጣ ብለው ሲሮጡ በስንት ጉልበት ያዝናቸው። ከዚያ ወዲያ ዝም ትልና፣ ረሳናት ስንል ደግሞ ትነሳለች። ለቀስተኛው ወንበሩን ከዚያ በኩል አሸሸ። እኔ ምን ልዋሽህ፣ ፈራሁም፣ ደግሞም እጠብቃት ጀመር።

በሰልስትህ ቀን የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ጓደኛህ ደሳለኝ ከመናኸሪያ መጣ። አንድ ሽቦ ተነካክቶ ይሆናል፣ ባትሪዋን ፍታልን አሉት። ሸራውን ገልጦ በሩን ሲከፍት ቁልፉ ከወንበሮቹ መሀል ተቀምጧል፣ ዳሽቦርዱም በርቷል። ጠራኝና ምንም አልተበላሸችም አለኝ፤ ሙሌ ሳያጠፋት ነው የወረደው። እንዲህ በነዳጅም በባትሪም የምትሄድ ሃይብሪድ ስትቆም ድምፅ ስለሌላት የጠፋች ትመስላለች፤ ባትሪዋ ሲጎድል ግን ሞተሯን ራሷ ታስነሳለች፣ ሲሞላላት ደግሞ ታጠፋዋለች፤ ቀድሞም ስትነሳ በለቅሶው ጩኸት አልሰማናትም ይሆናል አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ብርቱካናማዋ መብራት የለችም። ሙሌዬ፣ ልታሳየኝ የነበረው ይሄንን ነው! እንደ ሕፃን ልጅ ጮኼ አለቀስኩ።

ደሳለኝ ሊያጠፋት እጁን ሲዘረጋ ያዝኩት። በእጅህ ጀምረህ ያልጨረስከው የቀረኝ እሱ፣ ያስነሳሃትን ማጥፋቱ፣ ብቻ ነበር። ገብቼ ያንተ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ለረጅሙ እግርህ ወደ ኋላ እንደተገፋ ነው። በሩን ዘጋሁና ጠበቅኩ። ተነሳች፣ ከስሬ ትንሽ ተንቀጠቀጠች፣ ዝም አለች። ያኔ ማጥፊያዋን ራሴ ተጫንኩት።

አሁን ሥራ የምመላለሰው በእሷ ነው። ማታ ግቢ ገብቼ ሳቆማት ቶሎ አላጠፋትም። መብራቷን አየት አድርጌ፣ ስምህን ቀስ ብዬ እጠራለሁ። አንዳንዴ እዚያው ላይ ሞተሯ ይነሳል። ደሳለኝ ባትሪው ነው ይላል፣ ይበል። እኔ እስካለሁ ድረስ አንዴ ሳትነሳ አላጠፋትም።

ነይ ውጪ ብለኸኝ ነበር፤ ይኸው በየቀኑ እወጣለሁ።

ያንተው አስቴር