ከአሥር ሺህ የን ውስጥ ሁለት መቶ ሃምሳው

ለተከበሩ የካርድ ኩባንያው ፕሬዚዳንት
ቶኪዮ

የተከበሩ ፕሬዚዳንት፣

እዚህ ሃማዳ ወደብ የፕለም ዛፎች አብበዋል፤ የባሕሩ ነፋስ ግን ገና አልለዘበም። እርስዎ ካሉበት ፎቅ ነፋስ እንደማይደርስ ተስፋ አደርጋለሁ። ጤናዎ እንደ ወለድዎ ይሁንልዎ፤ እሑድ የማያርፍ፣ በበዓል የማይዘጋ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ እንኳ የሚፋፋ። ለባለቤትዎና ለልጆችዎም ይኸንኑ እመኛለሁ።

ኡኖ ሺገሃሩ እባላለሁ። ከዓሣ ገበያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ወንበር ፀጉር ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ሳንሸራትት ኖሬአለሁ፤ እስካሁን ያደማሁት ሰው የለም። ይህን ማንሳቴ ለመመጻደቅ ሳይሆን፣ እርስዎም እኔም ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ሲሰጠን የምንተዳደር ባለሙያዎች መሆናችንን ለማስታወስ ነው። የምጽፍልዎ ልጄ ማሂሮ ሂሮሺማ ከሚገኘው የፀጉር ሥራ ትምህርት ቤት ያገኘችውን ቦታ በእኔና በእርስዎ ምክንያት ስላጣች ነው። ኩባንያዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅ ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጫለሁ።

፩. ስለ እፎይታ

ከስድስት ዓመት በፊት በገበያ አዳራሹ መግቢያ ላይ ትከሻዋን በሪባን ያሸበረቀች ሠራተኛዎ አስቆመችኝና «የእፎይታ አከፋፈል» የተባለውን አገልግሎትዎን አስተዋወቀችኝ።

«ክቡር ደንበኛችን፣ የፈለጉትን ያህል ቢገዙ በወር የሚከፍሉት ያው አሥር ሺህ የን ነው፤ አይጨምርም።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ።»

ለዚህች ልጅ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ፤ ቃሏን አላጠፈችም። ፈርሜ በወሰድኩት የዱቤ ካርድ የፀጉር ቤቱን ማሞቂያ ገዛሁ፣ የባለቤቴን የኩሚኮን ጥርስ አሳከምኩ፣ የማሂሮን የደንብ ልብስ አሰፋሁ፣ የእናቴን ቀብር ወጪ ቻልኩ። በወር በወሩ በሃያ ሰባተኛው ቀን ግን ከባንክ ደብተሬ ላይ የሚቀነሰው አሥር ሺህ የን ብቻ ነበር። ክረምት ከበጋ እንዲህ የማይለዋወጥ ዘመድ የለኝም። ደብተሩን አየዋለሁ፣ አሥር ሺህ ይላል፣ መልሼ መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ። የወሩ ሒሳብ ዝርዝር በፖስታ መምጣቱ እንዲቀርልኝ የጠየቅኩትም እኔው ነኝ፤ ወረቀት ለሚቆጥቡ ደንበኞች ሽልማት ነበራችኋ።

፪. ስለ አሥራ አምስት በመቶ

ጠበቆችዎ «ሳያነብ ነው የፈረመው» እንዳይሉ አስቀድሜ ልናገር፤ አንብቤአለሁ። ወለዱ አሥራ አምስት በመቶ እንደሆነ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር፣ እኔም መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ጥፋቴ የተረዳሁ መስሎኝ መሄዴ ነው። እኛ ሰፈር መቶኛ ሲባል የሚታወቀው የሽያጭ ግብር ነው፤ አሥር በመቶውን ከፍለህ ደረሰኝህን ይዘህ ከወጣህ ግብሩ ቤትህ ድረስ ተከትሎህ አይመጣም። አሥራ አምስቱንም እንደዚያው ቆጠርኩት። የመቶ ሺህ የን ማሞቂያ፣ በላዩ አሥራ አምስት ሺህ፣ አንድ ጊዜ፣ አለቀ።

በጥር ወር ለማሂሮ የትምህርት ብድር ባንክ ጠየቅኩ። ባንኩ «አጠቃላይ ሁኔታውን ካመዛዘንን በኋላ ለዚህ ጊዜ አልተሳካም» ብሎ እጅ ነሣኝ። ምክንያቱን መናገር ክልክል ነው። የብድር ክፍሉ ልጅ ግን ፀጉሩን የሚስተካከለው እኔ ዘንድ ነውና በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አቶ ኡኖ፣ የካርድዎን ዕዳ አይተውት ያውቃሉ?»

«አሥር ሺህ ነዋ።»

«እሱ የሚከፍሉት ነው። ያለብዎትን ነው የምልዎት።»

ማሂሮ የካርዱን ሒሳብ በስልኳ ከፍታ አሳየችኝ። ሰባት መቶ ሰማንያ ሺህ የን።

በማግስቱ መምህር ታኩቦ ሊላጩ መጡ። ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ሲሆን ሒሳብ ግን ገና ጡረታ አልወጣባቸውም። ፊታቸውን በአረፋ ሸፍኜ ነገሩን አነሳሁላቸው።

«ወለዱ ስንት ነው?» አሉኝ።

«አሥራ አምስት በመቶ። አንድ ጊዜ።»

ዓይናቸውን ገለጡ። «አንድ ጊዜ ያለህ ማነው?»

«ማንም አላለኝም።»

«በየዓመቱ ነው፣ አንተ። ከፍለህ ባልጨረስከው ላይ ሁሉ። ምላጩን አስቀምጥና ወረቀት አምጣ። ድሮም ክፍልፋይ ላይ ስንደርስ ነው እንቅልፍ የሚጥልህ።»

አረፋው አገጫቸው ላይ እንዳለ ጻፉልኝ። አሥራ አምስት ለአሥራ ሁለት ወር ሲካፈል አንድ ከሩብ በመቶ ይመጣል። የሰባት መቶ ሰማንያ ሺህ አንድ ከሩብ በመቶ ዘጠኝ ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ ነው። ስለዚህ በወር ከምከፍለው አሥር ሺህ የን ውስጥ ዕዳዬን የሚነካው ሁለት መቶ ሃምሳ የን ብቻ ነው፤ አንድ ጠርሙስ ሻይ ገዝቶ ጥቂት ሳንቲም የሚተርፈው። ከዛሬ ጀምሬ ካርዱን ባልነካው እንኳ በዚህ አከፋፈል የምጨርሰው ከሃያ አራት ዓመት ከዘጠኝ ወር በኋላ ሲሆን እስከዚያ ወደ ሦስት ሚሊዮን የን እከፍላለሁ።

«ዕድሜህ ስንት ነው?» አሉኝ።

«ሃምሳ አንድ።»

«እንግዲያው ሰባ ስድስት ዓመት ገደማ ላይ ትገላገላለህ። ያኔ የሚላጭ ፀጉርም አይኖርህም።» ወረቀቱን ሰጡኝና ወደ ኋላ ተደገፉ። «ቀጥል እስቲ፣ አረፋው ደረቀ።»

አልተናደድኩም፣ ክቡር ፕሬዚዳንት። እናደዳለሁ ብዬ ራሴን ስጠብቅ ቆየሁ፣ ምንም አልመጣም። አዲስ አረፋ መትቼ ላጨኋቸው።

፫. ስለ ትሕትና

የደንበኞች የስልክ መስመራችሁ ላይ አርባ ደቂቃ ሙዚቃ አዳመጥኩ፤ ምርጫችሁ ጥሩ ነው። ከዚያ የመጣችው ሴት አሥራ አንድ ጊዜ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እየቆጠርኩ ነበር። የወር ክፍያዬን ወደ ሠላሳ ሺህ ከፍ ማድረግ እችል እንደሆነ ጠየቅኳት፤ መምህር እንዳሰሉልኝ እንዲያ ከሆነ በሁለት ዓመት ከስምንት ወር ያልቃል።

«ክቡር ደንበኛችን፣ በእርግጥ ይቻላል። ግን እንዲያ ካደረጉት ወርዎ እንዳይከብድብዎት እንሰጋለን።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ሰግታችሁልኛል» አልኳት። «አሁን ይበቃል።»

አሥራ ሁለተኛውን ይቅርታ ጠይቃ አስተካከለችው። ስለ እኔ የሚሰጋ ሰው ቶኪዮ ውስጥ እንዳለ ባለማወቄ ግን አዝናለሁ።

የትምህርት ቤቱ ክፍያ ማብቂያ ቀን የቀረው ሦስት ቀን ነበር። ሌላ ባንክ ሞከርኩ፣ ያም አመዛዘነ። በመጨረሻው ቀን ማሂሮ ራሷ ትምህርት ቤቱ ደወለች። በሁለቱ ወንበሮች መካከል ቆማ፣ ለማያያት ሰው ሦስት ጊዜ እጅ እየነሣች፣ ስለተሰጣት ዕድል አመስግና ቦታውን ለሌላ ሰው እንዲሰጡት ጠየቀች። ስልኩን ዘግታ መጥረጊያውን አነሳች።

«ለመጪው ዓመት…» ብዬ ጀመርኩ።

«አባዬ፣ ደንበኛ መጥቷል» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ወደቡ አጠገብ ያለው የዓሣ ማድረቂያ ውስጥ ዓሣ ትሰነጥቃለች። ፈጣን ነች ይላሉ። እጇ ድሮም ለስለት የተፈጠረ ነው።

በመጨረሻም ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ። አንድም ወር ሳያሳልፍ ከከፈለ ደንበኛ ይልቅ አንድም ወር ያልተኛ ወለድ እንደሚበልጥ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ላይ ክፍልፋይ ስላስጨረሱኝም መምህር ታኩቦ በተለይ አመስግንልኝ ብለዋል። ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በደብተሬ ላይ ከአሥር ሺሁ ጎን ያቺ ሁለት መቶ ሃምሳ የን ለብቻዋ ትጻፍልኝ። ትንሽ ናት፣ ቦታ አትይዝም።

ከዓሣ ገበያው ጀርባ ካለው ፀጉር ቤት፣ አንድም ቀን ሳይዘገይ ከፍሎ አንድም ቀን ያልቀደመ ደንበኛዎ፣ ከአክብሮት ጋር ጎንበስ ብሎ፣

ኡኖ ሺገሃሩ

ተጨማሪ፦ ባለፈው ማክሰኞ ማሂሮ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላት። እኔም ኩሚኮም በዚህ ሁሉ መሐል ረስተነው ነበር፤ ያስታወሳችሁት እናንተ ናችሁ። የልደት ቀኗን «የቤተሰብ አባላት» በሚለው የቅጻችሁ ክፍት ቦታ ላይ የሞላሁላችሁ እኔው ስለሆንኩ ማንንም አልወቅስም። ስሟ በወርቃማ ቀለም የታተመበት ፖስታ በዕለቱ ደረሰ፦ ለአዲስ ጎልማሶች የተዘጋጀ ካርድ፣ የትምህርት ቤቱን የመጀመሪያ ክፍያ የሚሸፍን ገደብ፣ በወር አምስት ሺህ የን ብቻ። ቆማ አነበበችው፣ አጣጥፋ የሥራ ልብሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ሐሙስ እኛ ሰፈር የወረቀት ቆሻሻ የሚወጣበት ቀን ነው። ከረጢቱን ከማውጣቴ በፊት ፈትቼ እስከ ታች ፈተሽኩት። አልጣለችውም።