ያ ልጥፍ ያንተ አይደለም

ሙሄዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከተለያየን ሰባት ወር አልፎ ስምንተኛው ከገባ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልህ የቆየሁት ወረቀት አጥቼ አይደለም። እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር እንባዬ እየቀደመኝ ነው። ዛሬ ግን እንባ የለኝም፤ ተናድጃለሁ። ስናደድ እጄም አፌም እንደሚፈታ ደግሞ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

የቤቱን ላስቀድምልህ። እዚሁ ሱዳን፣ ካላክላ ሰፈር፣ ያው እዚያችው ክፍል ነን። መብራት መጥቶ ሁለት ሳምንት ሰነበተና ተመልሶ ሄደ። ልጃችን ራሕማ ሁለት የፊት ጥርሷ ወልቆ አንዱ ብቅ ብሏል። አማርኛዋ እየሳሳብኝ ነው፤ ስትለምነኝ በአማርኛ፣ ስትቆጣኝ በዐረብኛ ነው። ቁጣውን ከማን ወረሰችው ብለህ አትጠይቀኝ። እኔም አርካዊት ሰፈር ያሉትን ሴትዮ ቤት ማጽዳቴን አልተውኩም። የልብስ ሳሙናዬን የሚሸርፍብኝ ስለሌለ አሁን አንዱ ሳሙና ብዙ ይቆያል። ያኔ እየሸረፍክ ከድልድዩ ማዶ ባሕሪ ወዳለው የመኪና መጠገኛ ወርሻችሁ ስትወስድብኝ ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን! የትልልቅ መኪኖችን ጀርባ ተሸክሞ የሚያቆመውን የአየር ከረጢት በሳሙና ውሃ ስትቀባው፣ የሚያፈስበት ቦታ አረፋ ይደፍቃል ብለህ ያስረዳኸኝ በዚያ ጭቅጭቅ መሀል ነው። እኔ ስለ ሳሙናዬ ሳወራ አንተ ስለ አየር ታወራልኝ ነበር።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። ባለፈው ማክሰኞ ሲት ነፊሳ ደወሉልኝ። ጡረታ የወጡት አስተማሪ፤ ቤታቸው በጦርነቱ ከተቃጠለ ወዲህ፣ ተከራያቸው የነበረው ኻዋጃ፣ ያ ፈረንጅ፣ ጥሎላቸው በሄደው አልጋና ምድጃ ባለው ትልቅ መኪና ውስጥ የሚኖሩት። አንተ መጨረሻ የሠራኸው የሳቸውን መኪና ነው። ሰላምታውን ከጨረስን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዘሀራ፣ ሙሐመድን ለአላህ ብዬ አውፍ ብዬዋለሁ፣ በኔ ምክንያት አላህ ፊት እንዳይጠየቅ አሉኝ።

በምን ጉዳይ ነው አልኳቸው። ከወር በፊት መደኒ ከተማ ያለችውን ልጃቸውን ሊጠይቁ መኪናዋን ይዘው ወጥተው ኖሯል። ድልድዩን ሲወርዱ የቀኙ የኋላ ከረጢት ፈንድቶ መኪናዋ በአንድ ጎኗ ዘጭ አለች። ክንዳቸው ተሰበረ። አለቃህ ኡስታ በሺር ደግሞ፣ የሐበሺው ሥራ ነው፣ አላህ ይርሐመው፣ ልጥፉን በደንብ አላጣበቀውም አላቸው። አላህ ይርሐመው እያለ ነው እኮ ስምህን የሚያጠፋው። ሰው ዱዓ እያደረገ እንዴት ይዋሻል?

ሴትዮዋ ደግ ናቸው፣ ክፋት የለባቸውም። በተሰበረ ክንዳቸው ለሟች ምሕረት ማድረጋቸው ቀላል ነገር አይደለም። ግን ላልሠራኸው ጥፋት የመጣልህን አውፍ አመሰግናለሁ ብዬ ብቀበል፣ ጥፋቱን ተቀበልኩልህ ማለት ነው። አልቀበልም አልኳቸው። ደነገጡ።

ያን ቀን እኮ ልቅም አድርጌ አስታውሰዋለሁ። አዲስ ከረጢት ጠፍቶ ጠፍቶ ከፖርት ሱዳን አንድ ብቻ ተገኘ። እሱን በግራ በኩል ገጠምከው። የቀኙ እጥፋቱ ላይ ተሰነጣጥቋል፣ ሁለቱም ካልተቀየሩ መኪናዋ ከግቢ አትውጣ አልክ። ኡስታ በሺር እንደ ከመነዳሪ ለጥፍና ገላግለን አለህ። አንተ ግን፣ ይሄ ሲታጠፍ ሲዘረጋ የሚውል ነገር ነው፣ ልጥፍ አይይዝም፣ ሰው ይገድላል ብለህ ዕቃህን ሰብስበህ ወደ ቤት መጣህ። ምሳህን እንኳ አልበላህም ነበር። በማግስቱ ትኩሳቱ ጣለህ፤ በዘጠነኛው ቀን አጣሁህ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ አንተም ጥፋት አለብህ። ለሲት ነፊሳ በራስህ አፍ ልትነግራቸው ይገባ ነበር። ለምን ዝም አልክ ስልህ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም አልከኝ። እውነት ነው፣ ባንተ አፍ አልገባም። በሌላው አፍ ግን ያንተ ስም ገባ። እንዲህ ያለውን ትዕግሥትህን በሕይወትህም አልወደድኩልህም፣ አሁንም አልወደውም።

ሮብ ከሥራ ቀርቼ፣ መኪናዋ ከአደጋው በኋላ ተጎትታ ወደ ቆመችበት ወደ ባሕሪው ወርሻ ሄድኩ። ሚኒባሱ ድልድዩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ንዴቴ እስክደርስ ይበርድ ይሆናል ብዬ ነበር፣ ጭራሽ ባሰበት። ሲት ነፊሳም ክንዳቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጡ። ከረጢቶቹን ማየት እፈልጋለሁ ስል ኡስታ በሺር ሳቀ። መዓሌሽ ያ ዘሀራ፣ ይሄ የሴት ሥራ አይደለም፣ ያላ ወደ ቤትሽ አለኝ። ምንም አይደል ለማለት መዓሌሽ የሚሉትን ቃል እንዴት እንደምጠላው ታውቃለህ። እግሬን ሲረግጡኝም መዓሌሽ፣ ባሌ ሲሞትብኝም መዓሌሽ ነው። ሲት ነፊሳ ግን ዕድሜ ልካቸውን ተማሪ ባስፈራሩበት ዓይን አዩትና፣ መኪናዋን አንሳት አሉት። አነሳት።

በክሪክ አንስተው በእንጨት ጉማጅ አስደገፏት። በአየር ብቻ የቆመ መኪና ሥር አይገባም ያልከኝን አልረሳሁም። ጉማጆቹን አንድ በአንድ ነቅንቄ ካየሁ በኋላ ነው ቀሚሴን ሰብስቤ የገባሁት። የቀኙን ቱቦ አዘግቼ የግራውን አየር አስሞላሁና በሳሙና ውሃ ቀባሁት፤ እጥፋቱን፣ ቱቦው የሚገባበትን፣ ዙሪያውን ሁሉ። አንድ አረፋ አልወጣም፣ ሙሄ። ሠርቶ የሚሄድ ሰው እንዲህ ነው። ብረቱ ላይ በሚስማር የጫርካት «ሙ» አለች። የሠራኸውን ሁሉ በዚያች ፊደል እንደምትፈርም ነግረኸኝ ነበር፤ በዚያ ወርሻ ሌላ አማርኛ የሚጽፍ የለም።

በቀኝ በኩል ከረጢቱ አፉን ከፍቷል። የከመነዳሪ ቁራጭ ግማሹ ተላቆ ተንጠልጥሏል፤ ሙጫው እስከ ቱቦው ድረስ ተዝረክርኳል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ይኸው ነው። «ሙ» የለችም። ወጥቼ ለሁሉም ነገርኳቸው። ኡስታ በሺር፣ ረስቶት ይሆናል አለ። አብረውህ የሠሩት ሰዎች በሙሉ መሬት መሬት አዩ። በመጨረሻ ሽማግሌው በያጅ፣ ዓም ጣሂር፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ሙሐመድ ታሞ ቤት በዋለበት ቀን ነው የተለጠፈው፣ የለጠፍከው አንተ ነህ በሺር አሉ። አላህ ይስጣቸው። ግን ወር ሙሉ እሳቸውስ የት ነበሩ? እውነት ለመናገር የኔን መምጣት ነበር የሚጠብቁት?

ሲት ነፊሳ ወደኔ ዞረው፣ ያልኩትን አውፍ አንስቻለሁ፣ በከንቱ ጠርጥሬዋለሁና እሱ እኔን አውፍ ይበለኝ አሉ። ያለቀስኩት እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ኡስታ በሺር ያን ጊዜ ቀረብ ብሎ፣ እሺ፣ ሐበሺው አላጠፋም፣ አውፍ በይኝ አለኝ። የበደልከው እኔን አይደለም፣ መቃብሩ ሄደህ እሱን ጠይቀው አልኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ የት ነው የተቀበረው አለኝ።

ስድስት ዓመት ከአንድ ሳህን ፉል በልታችኋል። ለቀብርህ የቀረው ሥራ በዝቶበት መሆኑን ልኮብኝ ነበር፤ ሐዘን ላይ ስለነበርኩ ዋጥኩት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሰባት ወራትም አንድ ቀን ብቅ እንዳላለ ያወቅኩት በዚህች ጥያቄው ነው።

መቃብርህ የቱ እንደሆነ አልነገርኩትም። የነገርኩት ስምህን ነው። ሙሐመድ ይማም አሊ በል አልኩት። የአባትህን ስም ከነጭራሹ አያውቀውም ነበር። ሰው ሁሉ እየሰማ ሁለት ጊዜ አስባልኩት። የመቃብር ቦታው ካላክላ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ሐበሺው ብትላቸው ማንም አያሳይህም፣ አርብ መጥተህ በስሙ እየጠየቅክ ፈልገው ብዬው ወጣሁ።

አርብ ጧት ራሕማን ይዤ እመጣለሁ። እሱም ከመጣ አላግዘውም። አውፍ ማለት አለማለቱን ላንተ ትቻለሁ፤ የምታደርገውን አውቃለሁ፣ ያው ትለዋለህ። እኔ እንዳንተ አይደለሁም። ትንፋሼ እስካለች ድረስ እንዳልረሳህ፣ ስምህን አጣሞ የሚያነሳውን ሰው ሁሉ ሳላቀና እንዳላልፍ ቃል ገብቼልሃለሁ። አርብ ግን ዝም እላለሁ። ከራሕማ ጋር ጥግ ይዘን ቆመን፣ ያ ሰው ከመቃብር መቃብር እየዞረ በአባትህ ስም ሲጠራህ እንሰማለን።

ዘሀራህ