ከቧንቧው እስከ ግድግዳው

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ፣ እታለም? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ ደረጃ አሁንም ያስቸግርሻል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ልጆቹ አድገው ልብሳቸው ሁሉ አጥሯቸዋል፤ ትንሿማ አንቺን መስላ ቁጭ ብላለች፣ አፍንጫዋ እንኳ አልቀራት። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ አጥር ነው ብልሽ ትስቂ ይሆናል። ሳቂ፣ ግድ የለም።

ያኔ ልትጠይቂን መጥተሽ ሳለ፣ ከበሩ እስከ ቧንቧው አንቺ፣ ከቧንቧው እስከ ወጥ ቤቱ ግድግዳ እኔ፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ችግኝ ተከልን አይደል? ያንቺ ወገን ዛሬ ደረቴ ጋ ደርሷል፤ ድመት እንኳ አያሳልፍም። ከኔዎቹ ሰባቱ ቢጫ ሆነው ጉልበቴ ጋ ሳይደርሱ ቀሩ። በቧንቧው በኩል ያሉት አምስቱ ብቻ ደህና ይዘዋል። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ ወትፎ ያንቺ ወገን ፊት ይገተራል። "እጇ የነካው ይጸድቃል" ይላል። እንግዳ ሲመጣም ወደዚያው ነው የሚወስደው። እኔ በወጥ ቤቱ መስኮት እያየሁ አንጀቴ ያራል። ሰው በተክል ይቀናል ወይ? ይቀናል፣ እኔ ቀንቻለሁ።

ያላደረግኩት የለም። ውሃ አነሰው ብዬ ማታና ጠዋት አጠጣሁ። በዛበት አሉኝ፣ ተውኩት። ፍግ አለበስኩት። ምስጥ ይሆናል ብዬ አመድ ነሰነስኩበት። የግድግዳው ጥላ ነው እንዳልል፣ ከሁሉ የባሰው ፀሐይ ላይ ያለው ነው። በመጨረሻ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጋዝ ይዤ ያንቺን ወገን ልቆርጠው ወጣሁ። "እኩል እንዲሆን ነው" አልኩ። ባለቤቴ አየኝ፤ አልተቆጣም። "እሱን ከመቁረጥሽ በፊት ካንቺዎቹ አንዱን ነቅለሽ ሥሩን እዪው" ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ።

ነቀልኩት። አፈር በበላሁ፣ እታለም! ችግኙ ከነጥቁር ላስቲኩ ነው የተቀበረው። ሥሩ መውጫ አጥቶ እዚያው ውስጥ ተጠምጥሟል። ላስቲኩ ወልቆ እንደሚተከል ሕፃን ያውቀዋል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ያን ዕለት ዓይኔ የት ነበረና? እናንተ ላይ! ባለቤቴ ውሃ ሲያቀብልሽ፣ አንቺ በጭቃ እጅሽ ግንባርሽን ስትጠርጊ፣ ሁለታችሁም ስትስቁ። ሳንጋባ በፊት ወላጆቻችን ቤት ሲመላለስ ዓይኑ አንቺ ላይ እንደነበረ ማን ያጣዋል? ለምን "አልፈልገውም" እንዳልሽ አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። መልሱን እፈራዋለሁ። እናም እናንተን እያየሁ ችግኙን እየወረወርኩ አፈር መለስኩበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

ምሳ ላይ ያልኩሽንም አልረሳሁትም። አጥሩ እንዴት እንደሚከረከም ስታስረጂው፣ "አጥር ቤት ላለው ነው፤ ሂጂና መጀመሪያ የራስሽን ቤት ያዢ" አልኩሽ። ማንኪያሽን ቀስ ብለሽ አስቀመጥሽ። በማግስቱ ሄድሽ፤ ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጥሽም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። የሰባቱን ላስቲክ ገፍፌ ስጨርስ፣ አምስቱ ደህናዎች ታዲያ እንዴት ጸደቁ ብዬ የአንዱን ሥር ገለጥ አደረግኩት። ላስቲኩ አለ፤ ግን ጎኑ ከላይ እስከ ታች በመቀስ ተሰንጥቋል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። አምስተኛው ሥር መቀሱ ራሱ ተገኘ። ዝጓል፤ እጀታው ላይ የጠመጠምሽው ቀይ ክር ግን አለ።

የሄድሽበት ጠዋት ትዝ አለኝ። ለቁርስ ልጠራሽ ስወጣ ቧንቧው አጠገብ በዚያ በታመመ ጉልበትሽ ተንበርክከሽ አገኘሁሽ። "የጆሮ ጌጤ ወድቆብኝ ነው" አልሽኝ። ፊቴን አዙሬ ገባሁ። ሰባቱ ያልደረሳቸው እኔ ስለመጣሁብሽ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ? መጀመሪያ የመጣብኝ ምስጋና አይደለም፣ ንዴት ነው። የኔ የምላቸው አምስቱም ያንቺ ሆነው አረፉት! የኔ የምለው ነገር ሁሉ ለካ ባንቺ እጅ ያለፈ ነው። አፈሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የመቀሱን ነገር ለባለቤቴ አልነገርኩትም፣ አልነግረውምም።

የሰባቱን ሥር ፈትቼ መልሼ ተክያቸዋለሁ፤ ይትረፉ አይትረፉ እንጃ። መቀስሽን በዘይት ወልውዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬልሻለሁ። በሰው እጅ አልልከውም፤ መጥተሽ ውሰጂው። ወንበር ቧንቧው አጠገብ አወጣልሻለሁ። የኔን ወገን ግን እንዳትነኪብኝ፣ ቁጭ ብለሽ አሳዪኝ ብቻ።

ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ለደጄ ያብቃሽ።

የማትረባው ታናሽሽ